ክምሩ ውኃ ይደርሰዋል ወይ? የአንዲት የጣና ዳር ሪፖርተር ጉዳይ

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ላይ የጣና ዳር በካሜራ ተሞልቶ ነበር። እምቦጭ የተባለውን የውኃ አረም ከሐይቁ ለማስወገድ የአንድ ወር ዘመቻ ተጠርቶ ሰው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ባለሥልጣን ይመጣል፣ ተማሪ ይመጣል፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቲሸርት አሠርቶ ይመጣል። ማታ ቴሌቪዥን ሲከፈት የሚታየው ተመሳሳይ ነው። ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ የገባ ገበሬ፣ በቅብብል የሚወጣ አረም፣ ዳር ላይ ትልቅ ክምር። ከዚያ «ይህን ያህል ሄክታር ጸዳ» የሚል ዜና ይከተላል።

ከዚያ ሁሉ ዘጋቢ መካከል አንዷ ስለ ሄክታሩ ሳይሆን ስለ ክምሩ ጠየቀች። አረሙ የተከመረበትን መሬት ክረምት ሲገባ ውኃ ይደርስበታል ወይስ አይደርስበትም?

እኔና እሷ ያን ጊዜ አንድ ዜና ክፍል ውስጥ ነበርን። እሷ ሪፖርተር፣ እኔ አርታኢ። ስክሪፕቷ አየር ላይ ከመዋሉ በፊት በእኔ እጅ ያልፍ ነበር። የእሷንም የጣቢያውንም ስም አልጽፍም፤ የፈለገችው እንደዚያ ነው። ታሪኩን ግን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።

የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። ጋዜጠኛ መሆን የሚፈልጉ ልጆች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ስለ ድምፅና ስለ አቋቋም ነው። ማይክ እንዴት ይያዛል? ካሜራ ሲበራ ፍርሃት እንዴት ይጠፋል? እነዚህ በጥቂት ወራት የሚለመዱ ነገሮች ናቸው። የአካባቢ ሪፖርተር ትልቁ ሀብት ካሜራው ከመብራቱ በፊት ስለ ቦታው የሚያውቀው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። የእሷን አስተዳደግና የእሷን ዜና ጎን ለጎን ሳያቸው ይህ እምነቴ ይጠነክራል።

ያደገችው ደምቢያ ነው፤ ከቆላ ድባ ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ። አባቷ ገበሬ ናቸው። እንደ ብዙ የአካባቢው ሰው ሁለት ዓይነት መሬት ያርሳሉ። አንዱ ከፍ ያለው፣ በክረምት የሚዘራው ነው። ሌላው ባሕር ሸሽ ነው።

ጣና ዳር ላልኖረ ሰው ባሕር ሸሽን ማስረዳት ያስፈልጋል። ሐይቁ በክረምት ከግልገል አባይ፣ ከርብ፣ ከጉማራና ከመገጭ ውኃ ተቀብሎ ይሞላል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ከሁሉ ከፍ ይላል። ከዚያ ቀስ እያለ ይወርድና ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ዳርቻው ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ስለዚህ ውኃው ትንሽ ዝቅ ሲል ብዙ መሬት ይገለጣል። ገበሬው ውኃውን በእግሩ እየተከተለ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ዝናብ አይጠብቅም፤ በመሬቱ ውስጥ የቀረው ርጥበት ያበቅለዋል። ክረምት ሲመለስ ያ መሬት እንደገና ሐይቅ ይሆናል።

አባቷ በየዓመቱ ውኃው የደረሰበትን ጫፍ በችካል ምልክት ያደርጉ ነበር። አምና እስከዚህ፣ ዘንድሮ እስከዚያ። እሷ ከብት ስትጠብቅ ችካሎቹን ታያቸዋለች። የትኛው ሣር መቼ እንደሚገለጥ፣ የትኛው ማሳ መጀመሪያ እንደሚሰምጥ ያለማንም አስተማሪ አወቀች። ያን ጊዜ ይህ እውቀት ለዜና ይጠቅማል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ቤታቸው ውስጥ ቴሌቪዥን የለም፤ ሬዲዮ ግን ነበር። ማታ አባቷ ዜና ሲሰሙ ቤቱ ጸጥ ማለት አለበት። ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበብ ገባች። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ በዚያ በሚንኮሻኮሽ ድምፅ ማጉያ ዜና ታነባለች። ዜናው ከሬዲዮ የሰማችውና የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ድብልቅ ነው። አንድ ቀን የውኃ ቧንቧው ከተበላሸ ስንት ጊዜ እንደሆነ አነበበች። ቧንቧው ተጠገነ። ይህን እስከ ዛሬ በደስታ ነው የምታወራው።

12ኛ ክፍልን አልፋ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመደበች። ዩኒቨርሲቲው የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱና የመምህራን ማሠልጠኛው በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የተመሠረተ ነው። የከተማው ሰው ግቢዎቹን ዛሬም «ፖሊ» እና «ፔዳ» ይላቸዋል። እሷ ፔዳ ጋዜጠኝነት ተማረች። ስለ ትምህርቱ ብዙ የምለው የለኝም። ጥሩ ውጤት አመጣች፣ መጻፍ ተለማመደች፣ ተለማማጅ ሆና ወደ ጣቢያ ስትላክ ትራይፖድ ተሸከመች።

ባሕር ዳር ለእንዲህ ያለ ልጅ ጥሩ ከተማ ናት። የዛሬው አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን መቀመጫው እዚህ ነው። መነሻው በ1987 ዓ.ም. መታተም የጀመረችው በኩር ጋዜጣ ናት፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ቆይተው ተጨመሩ። ከአማርኛ ሌላ በአዊኛ፣ በኽምጣናና በኦሮምኛ ያሰራጫል። ሌሎች ጣቢያዎችም በከተማዋ ዘጋቢ አላቸው። አዲስ አበባ ሳይሄዱ ጋዜጠኛ መሆን ይቻላል ማለት ነው። እሷም የጽሑፍና የድምፅ ፈተና አልፋ በአንዱ ጣቢያ ጀማሪ ሪፖርተር ሆነች።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የስብሰባ ዜና ናቸው። ይህን የማያውቅ የአገራችን ሪፖርተር ያለ አይመስለኝም። ጠዋት ምደባ ይወጣል። መኪናው ይነሳል፤ ሹፌር፣ ካሜራማን፣ ሪፖርተር። አዳራሽ ይገባል። የመክፈቻ ንግግር ይቀረጻል፣ ተሳታፊዎች ሲያጨበጭቡ ይቀረጻል፣ ሻይ ዕረፍት ላይ የሁለት ሰው አስተያየት ይያዛል። ማታ «ገለጹ»፣ «አሳሰቡ»፣ «አስገነዘቡ» እየተባለ ይነበባል። እሷ ይህን ሥራ በትጋት ሠርታዋለች። አላጉረመረመችም። የማስታወሻ ደብተሯ የኋላ ገጾች ላይ ግን ሌላ ነገር ይጻፍ ነበር። ከገጠር ለስብሰባ የመጡ ገበሬዎችን ስልክ ትቀበልና በሰፈራቸው ትመዘግባለች።

ሁለት ሰዎች በዚያ ጊዜ ሙያዋን ቀርጸውታል። አንደኛው ቅላጼዋን እንድታስተካክል የነገሯት የሥራ ኃላፊ ናቸው። ስቱዲዮ ውስጥ ስታነብ አስተካከለችው። ገበሬ ፊት ስትቆም ግን ወደ ደምቢያ ንግግሯ ትመለሳለች፤ ሰዎቹም ዘና ይሉላታል። ሁለተኛው አብሯት የሚወጣው አንጋፋ ካሜራማን ነው። «እህቴ፣ ሰውን ከሥራው አታስቁሚው» ይላት ነበር። መጀመሪያ ሲያርስ፣ ሲጎትት፣ ሲጭን ይቀረጽ። ቃለ መጠይቁ በኋላ ይመጣል። አንድ ሰው ካሜራ ፊት ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ የሚናገረው ስብሰባ ላይ የሰማውን ነው። ሥራ ላይ እያለ የሚናገረው ግን የራሱን ነው። ይህን ምክር ለተለማማጆች ሁሉ እነግራለሁ።

አሁን ወደ አረሙ።

እምቦጭ መነሻው ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ታየ። መጀመሪያ በሰሜን በኩል፣ መገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ። ከዚያ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻዎች ተዛመተ። ሐምራዊ አበባው ያምራል፤ ለማያውቀው የአትክልት ቦታ ይመስላል። ሁኔታው ሲመቸው ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ራሱን እጥፍ ማድረግ ይችላል። የሚራባው ከግንዱ በሚወጣ ቡቃያም በዘርም ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጥልቀት የሌለው ዳርቻ፣ ከእርሻ ታጥቦ የሚገባ አፈርና ማዳበሪያ፣ ሙቅ ፀሐይ። አረሙ የሚፈልገው ሁሉ ተሟልቶለታል።

ዓሣ አጥማጁ መረቡን መጣል አቃተው። የሞተር ጀልባው መቅዘፊያ በሥሩ ይተበተባል። ባሕር ሸሹ ላይ ደግሞ ውኃው ሲሸሽ አረሙ መሬት ላይ ተነጥፎ ይቀራል። ገበሬው ከመዝራቱ በፊት እሱን መንቀል አለበት። ነገሩ የአካባቢ ብቻ አልቀረም። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ የመጡ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» (ጣና የእኛ ነው) ብለው ጣና ድረስ መጥተው አረም ነቅለዋል። ያ ቀን ብዙዎቻችንን በደስታ ያስለቀሰ ነው። ማሽኖችም ተገዙ። አረሙ ግን ይሄዳል ይመጣል።

ሪፖርተሯ እነዚህን ዘመቻዎች ደጋግማ ዘግባለች። በ2013ቱ የተመደበችው ወደ ተወለደችበት ወረዳ ነው። መንገዱ በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ፣ አዘዞ ደርሶ ወደ ቆላ ድባ ይታጠፋል። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ የመጨረሻውን ሰዓት በእግር ሄዱ።

ዳር ላይ የሆነውን ካሜራማኑ የቀረጸው ጥሬ ፊልም ላይ ስላየሁት ልጽፈው እችላለሁ። መጀመሪያ የተለመደው ተቀረጸ። ሰልፍ፣ ቅብብል፣ ዘፈን። ከዚያ እሷ ከሕዝቡ ተለይታ ወደ ክምሩ ሄደች። ክምሩ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። አጠገቡ አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ከጭቃ እያጸዱ ቆመዋል።

«አንቱ፣ ክረምት ውኃው እዚህ ይደርሳል?»

«እንዴት አይደርስ ልጄ! ይህ እኮ ባሕር ሸሽ ነው።»

«ታዲያ ክምሩ ምን ይሆናል?»

«ይመለሳላ! ወዴት እንውሰደው? ጋሪ የለ፣ መንገድ የለ። ክንዳችን አለቀ። አውጡ ተባልን፣ አወጣን።»

ከክምሩ በላይ በኩል አንድ የሾላ ዛፍ አለ። ግንዱ ላይ ያለፈው ክረምት ውኃ የተወው የጭቃ መስመር በግልጽ ይታያል። እሷ በእጇ አሳየችው፤ ካሜራማኑ ከክምሩ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ዛፉ፣ ከዚያ ወደ መስመሩ ወጣ። መስመሩ ክምሩ ከተቀመጠበት መሬት ከፍ ይላል። በዚያ ሾት ላይ አንድም ቃል መጨመር አያስፈልግም ነበር። ሌላ ሪፖርተር በዚያ ዛፍ አጠገብ ቢያልፍ ጭቃ የነካው ዛፍ ያያል። እሷ የአባቷን ችካል አየች።

ባሕር ዳር ተመልሳ ሁለት ደቂቃ ተኩል የሚሆን ዜና ጻፈች። ስክሪፕቱን ሳነበው ወዲያው ወደድኩት። ከእኔ በላይ ያሉ ኃላፊ ግን ጊዜው አይደለም አሉ። ሰው ጉልበቱን እየሰጠ ነው፣ ገንዘብ እየተዋጣ ነው፤ አሁን እንዲህ ያለ ዜና ብናወጣ ሞራል ይሰብራል ብለው ሰጉ። ስጋታቸው ከክፋት የመጣ አልነበረም። የዚያን ሰሞን የሕዝብ ስሜት የነካው ሰው ይረዳቸዋል። ቢሆንም ተከራክረናል። ጉልበቱን ለሚሰጥ ሰው የሚገባው ድካሙ ከንቱ እንዳይሆን ማወቅ ነው የሚል ነበር የእኔ አቋም፤ ዛሬም ነው። ዜናው «ይቆይ» ተባለ።

ከዚያ ጥቅምት 24 መጣ። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ጦርነት ተጀመረ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ስለ ሌላ ነገር የሚያስብ ዜና ክፍል አልነበረም። ካሜራዎቹ ከጣና ተነሱ። ፊልሙ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ቀረ።

እሷ ግን ጉዳዩን አልተወችውም። ጦርነቱን እየዘገበች፣ በመሀል በመሀል ወደ ሽማግሌው ትደውላለች። ክምሩ ደረቀ? ሰው ነካው? ውኃው እስከ የት ሸሸ? በተጨማሪም እምቦጭን የሚያጠኑ አንድ ተመራማሪ አነጋገረች። ያነጋገረቻቸው ዜናውን ለማጠናከር ነበር፤ እሳቸው ግን ዜናውን ቀየሩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትኩስ እምቦጭ ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው። ገበሬው ተሸክሞ ከዛፉ በላይ ሊያወጣው ያልቻለው ለዚህ ነው። ዳር ላይ ከተዘረጋ ግን ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ክብደቱ በጣም ይቀንሳል። ሐይቁ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ሰኔ እየሸሸ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በጥቅምት አረሙን ባሕር ሸሽ ላይ ማውጣት ስህተት አይደለም። ሌላ አማራጭም የለም። ጥፋቱ እዚያው ጥሎ መሄዱ ነው፤ ክረምት ውኃው ሲደርስበት ዘሩ እንደገና ይበቅላል። እስከ ግንቦት ድረስ ወራት አሉ። በእነዚያ ወራት የደረቀውን ማቃጠል ወይም ውኃ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ማውጣት ይቻላል። ዘመቻው የሚጠራው ግን በጥቅምት ነው፣ ካሜራውም የሚመጣው በጥቅምት ነው። ህዳር ላይ ሁሉም አጨዳውን ይይዛል። ግንቦት ላይ ለክምሩ ተጠያቂ የሚሆን አካል በዕቅድ ላይ አልተጻፈም።

ይህ ከመጀመሪያው ስክሪፕት የተሻለ ነው። የመጀመሪያው «ተሳስተዋል» የሚል ነበር። ይኸኛው መቼና በማን ምን ይሠራ የሚለውን ይጠይቃል። ለተመልካቹም ለወረዳው ኃላፊም የሚያዝ ነገር ይሰጣል። እንዲህ ያለ ለውጥ የሚመጣው ሪፖርተር አንድን ጉዳይ ለወራት ይዞ ሲቆይ ብቻ ነው። በአንድ ቀን ምደባ አይገኝም።

መስከረም 2014 ዓ.ም. ላይ ከካሜራማኑ ጋር ወደዚያው ቦታ ተመለሱ። ሾላው ውኃ ውስጥ ቆሟል። ክምሩ የነበረበት ቦታ አረንጓዴ ሆኗል፤ አበባም አውጥቷል። ካሜራማኑ የዓምናውን ሾት በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ፍጥነት ደገመው። ሽማግሌውም ነበሩ። በዚህ ጊዜ ሲናገሩ ቁጣ አልነበራቸውም፤ ስንት ሰው ስንት ቀን እንደደከመ ብቻ ዘረዘሩ።

ሁለቱ ሾቶች ጎን ለጎን ሆነው የፕሮግራም ክፍሉ አጠር ያለ ዘገባ አደረጋቸው። «ይቆይ» ያሉት ኃላፊ ራሳቸው አይተው አጸደቁት። ዘገባው ሲተላለፍ የክልሉ ሰው ሐሳብ ጦርነቱ ላይ ነበር፤ ብዙ ተመልካች አገኘ አልልም። እምቦጭንም አላጠፋም። ሆኖም ሽማግሌው በሚቀጥለው በጋ ደውለው የቀበሌው ሰው የደረቀውን ክምር በቃሬዛ እየተሸከመ ከሾላው በላይ አውጥቶ እንዳቃጠለ ነገሯት። በአንድ ቀበሌ። እሷ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ተለውጦ ነበር።

ዜና ክፍሉ ውስጥም ትንሽ ነገር ተቀየረ። ስለ ጣና ሪፖርተር ሲመደብ ክምሩ የት እንዳለ እንዲቀርጽ ይነገረዋል።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ከብዷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ወደ ሐይቁ ዳርቻ ቀበሌዎች እንደ ድሮው መውጣት አይቻልም። የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ፎቶ ላኩልኝ ማለት አልቻለችም። በዚያን ጊዜ የጠቀማት ያ በሰፈር የተከፋፈለ የስልክ ዝርዝር ነው። ትደውላለች፤ ውኃው የት እንደደረሰ፣ አበባው ስንት ቦታ እንደታየ ትጠይቃለች፤ ትመዘግባለች። ያለ ምስል የቴሌቪዥን ዜና አይሠራም፤ መዝገቡ ግን አልተቋረጠም።

አሁን ቅዳሜና እሁድ ዜና ታነባለች፤ በሥራ ቀን ሪፖርተር ናት። አባይ ማዶ ቤት ተከራይታ ከባለቤቷና ከልጇ ጋር ትኖራለች። አንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሥራ አቅርቦላት ነበር። ደመወዙ የተሻለ ነው፣ ሰዓቱም ለእናት ይመቻል። ብዙ ጥሩ ሪፖርተሮቻችን የሄዱት በዚህ በር ነው፤ አልፈርድባቸውም። እሷ እስካሁን አልሄደችም። ግን ኪራይ እየጨመረ ነው፣ ልጇም ትምህርት ልትጀምር ነው። የአካባቢ ጣቢያዎች እንዲህ ያለውን ሰው ማቆየት ከፈለጉ ሥራውን በደመወዝም በምደባም ማክበር አለባቸው። ደምቢያ ያደገን ሰው በሥልጠና መተካት አይቻልም።

በቅርቡ ለጣቢያው አንድ ማመልከቻ አስገብታለች። ጣና ቋሚ የዘገባ ዘርፍ እንዲሆን፣ መንገዱ በተከፈተ ጊዜ በዓመት ሁለት ጉዞ እንዲፈቀድ ጠይቃለች። አንዱ በጥቅምት፣ ሌላው በግንቦት። አበሉንና ነዳጁን አስልታ አያይዛለች። ማመልከቻው ኃላፊው ጋ ነው፤ መልስ ገና አልመጣም።